የሦስት ልጆች አንድ ላፕቶፕ

በአንድ ወቅት፣ ድሬዳዋ ላይ ሙቀቱ ሰውን ጥላ ሥር ድረስ ተከትሎ በሚገባበት ወር፣ ሁለት ወንድማማቾችና አንዲት እህታቸው በአንድ ሰርከስ ውስጥ አብረው ይሠሩ ነበር።

ታላቅየው ረምዚ ይባላል። የሰርከሱ አስተዋዋቂ ነው። ማይክ ከያዘ ሊያለቅስ የመጣ ሰው እንኳ ስቆ ይሄዳል። አማርኛ፣ ኦሮምኛ፣ ሶማሊኛና አረብኛ እያፈራረቀ ይናገራል። ረምዚ ዝም ካለ ታሟል ማለት ነው።

መካከለኛዋ ኢፍቱ ናት። አምስት ኳሶችን በአንድ ጊዜ አየር ላይ ታጫውታለች። ዓይኗን የጣለችበትን ነገር አትስተውም። የሰፈር ልጆች ሦስት ኩባያ ደፍተው፣ ከአንዱ ሥር ጠጠር ደብቀው፣ ኩባያዎቹን እያዟዟሩ «የቱ ጋ ነው?» ሲጫወቱ እሷን አያስገቧትም። ሁልጊዜ ታገኘዋለቻ!

ትንሹ ቶፊቅ ነው። እሱ ተገልባጭ ነው። ኡሚ፣ ማለትም እናታቸው፣ ዳቦ እንዲገዛ ስትልከው በበር ወጥቶ አያውቅም፤ በአጥር ነው የሚዘለው።

በዚያ ዓመት የከተማው ወጣቶች ማዕከል ነፃ የአኒሜሽን ስልጠና አወጣ። ሥዕልን በኮምፒውተር እያንቀሳቀሱ ፊልም መሥራት ማለት ነው። ሦስቱም ተፈተኑ፤ ሦስቱም አለፉ! ቤቱ በእልልታ ተሞላ። በማግሥቱ ግን ማዕከሉ በሩ ላይ ሌላ ማስታወቂያ ለጠፈ። የራሱን ላፕቶፕ ያልያዘ ሰልጣኝ አይመዘገብም፤ አንዱን ላፕቶፕ ለሁለት መጠቀምም አይፈቀድም ይላል። እነረምዚ ቤት ደግሞ ላፕቶፕ ቀርቶ የስልክ ቻርጀር እንኳ በተራ ነው።

ሦስቱም አኮረፉ። ያን ቀን እራት ላይ ረምዚ እንኳ አላወራም።

ሳምንት ሳይሞላ አሰልጣኛቸው ዘርይሁን ወደ ልምምድ ቦታው እየሮጠ መጣ። ኮች ዘርይሁን ወፍራም ስለሆነ ሲሮጥ አይተውት አያውቁም።

«ዱባይ!» አለ ትንፋሹ እየተቆራረጠ። «ለገበያ ፌስቲቫል ጠርተውናል! ትኬቱም ሆቴሉም በነሱ ነው! የኪስ ገንዘብም አለው!»

ቶፊቅ ቆሞ ከነበረበት ሁለት ጊዜ ተገለበጠ። ኢፍቱ ኳሶቿን ጣለች፤ ለመጀመሪያ ጊዜ። ረምዚ ግን ወዲያው ማሰብ ጀመረ። ላፕቶፕ ዱባይ ላይ እዚህ ከሚሸጥበት በግማሽ ዋጋ ይገኛል ሲባል ሰምቷል። የሦስቱ የኪስ ገንዘብ ቢደመር አገር ቤት የትም አያደርስም። እዚያ ግን፣ ጥሩ ተከራክሮ የሚገዛ ሰው ካለ፣ አንድ ላፕቶፕ ሊያወጣ ይችላል።

አንድ ብቻ።

«ታዲያ ማን ይወስደዋል?» አለች ኢፍቱ ቤት ሲገቡ።

«እጣ እንጣጣል» አለ ረምዚ።

«አቦ ተወኝ!» አለ ቶፊቅ። «በእጣ መቼ አሸንፌ አውቃለሁ?»

ኡሚ ልብስ እያጣጠፈች ትሰማቸው ነበር። «እጣ አያስፈልግም» አለች። «መጀመሪያ ይዛችሁት ኑ። የለፋበት ይወስደዋል። የቀሩት ደግሞ አያኮርፉም። ማኩረፍ ካለ ቤቴ አይገባም!»

ተስማሙ። እንዲህ ሆነው ሄዱ።

ዱባይ! ሰርከሱ ሦስት ቀን አሳየ፤ ሰዉ እያጨበጨበ ቆሞ ተቀበላቸው። በአራተኛው ቀን ኮች ዘርይሁን «ዛሬ የእናንተ ነው፤ ገበያ ውጡ» አላቸው። ሦስቱ ቁርሳቸውን እንኳ ሳይጨርሱ ወጡ።

ገበያው ውስጥ ላፕቶፕ በየመስኮቱ ተደርድሯል። ብርማ አለ፤ ጥቁር አለ፤ እንደ መጽሐፍ የሚታጠፍም አለ። ዋጋው ግን ከጠበቁት በላይ ነበር። አንዱ ሱቅ ገቡ፣ ወጡ። ሌላው ጋ ገቡ፣ ወጡ። ሻጮቹ የያዙትን ገንዘብ ሲሰሙ ሽፋን፣ ማውስ፣ የጆሮ ማዳመጫ ያሳዩዋቸዋል። ፀሐዩ አናት ይበሳል። ቶፊቅ «በቃ ሽፋኑን ገዝተን እንግባ» ብሎ ቀለደ፤ ማንም አልሳቀም።

በስተመጨረሻ ጥግ ላይ ያለች አንዲት ጠባብ ሱቅ አገኙ። አኒሜሽን የሚችል ብርማ ላፕቶፕ አለ፤ በሳል ሻጭ ከጀርባው ተቀምጧል፤ ገዢ ግን አንድም የለም። ረምዚ ዋጋ ጠየቀ። ያው ነው፣ አይደርሱበትም። ኢፍቱና ቶፊቅ ሊወጡ ዞሩ። ረምዚ አልዞረም።

«ሐጂ፣» አለው በአረብኛ፣ «ሱቅህን ሰው ብሞላልህ ስንት ትቀንስልኛለህ?»

ሻጩ ሳቀ። «መጀመሪያ ሙላው።»

ረምዚ በረንዳው ላይ የቆመ ባዶ ሳጥን ላይ ወጣ። ማይክ የለውም። በእጁ አፉን ከልሎ ጀመረ! በአረብኛ ጠራ፣ በሶማሊኛ ቀለደ፣ በአማርኛና በኦሮምኛ ያለፈውን ሁሉ ሰላም አለ። ሻጩን «በዱባይ ውስጥ መቀነስ የማያውቅ ብቸኛ ሰው፤ መጥታችሁ ጉዱን እዩት!» ብሎ አስተዋወቀው። ሰው ቆመ። የቆመውን አይቶ ሌላ ቆመ። ሻጩ ራሱ ሆዱን ይዞ እየሳቀ ቻርጀር ይሸጣል፣ ስልክ ይሸጣል፣ መልስ ይሰጣል። ረምዚ ጉሮሮው ደርቆ ድምፁ እስኪሰነጠቅ ድረስ ከሳጥኑ አልወረደም።

ሱቋ ውስጥ መላወሻ ሲጠፋ ሻጩ እጁን አነሳ። «ውረድ! ውረድ አንተ ልጅ! ባላችሁ ገንዘብ ውሰዱት!»

ቶፊቅ ረምዚን ተሸክሞ አዞረው። ገንዘቡን ሰጡ። ከዚያ በኋላ ረምዚ ጮክ ብሎ መናገር አልቻለም፤ እንደ አሮጌ በር ሲጢጥ ብቻ ይላል።

ሻጩ ላፕቶፑን ለሠራተኛው ሰጠው፤ ሠራተኛው ካርቶን ውስጥ ሊከተው ከባንኮኒው ሥር ጎንበስ አለ። ሰው ይጋፋል፣ ይጮኻል። ሠራተኛው ተነሣ። የታሸገ ካርቶን አቀበላቸው። ረምዚ አመስግኖ ተቀበለ።

«ይሄ አይደለም» አለች ኢፍቱ።

«ምኑ?» አለ ረምዚ በሹክሹክታ።

«የኛ በግራ በኩል ነው የገባው። ይሄ ከቀኝ ነው የወጣው።»

«አቦ ኢፍቱ፣ አታዋርጂኝ! ሰውዬው ይሄን ያህል ቀንሶልን ሌባ ልበለው?»

«ሌባ አትበለው። ክፈተው በለው።»

ረምዚ አልተረጎመም። አፍሮ ወደ በሩ አየ። ኢፍቱ አረብኛ አታውቅም። እንደምንም ብላ ወደ ባንኮኒው ተጠጋች። ጆሮዋ ላይ የወርቅ ጉትቻ አለ፤ ኡሚ ለኢድ የሰጠቻት፣ በእንቅልፏ እንኳ የማታወልቀው። ሁለቱንም አወለቀችና ባንኮኒው ላይ አስቀመጠቻቸው። በጣቷ ካርቶኑን ነካች፤ የመክፈት ምልክት አሳየች። ከዚያ ጉትቻዋን ወደ ሻጩ ገፋችለት። ከተሳሳትኩ ውሰደው ማለቷ ነው።

ሻጩ ጉትቻውን አየ፤ እሷን አየ፤ ሠራተኛውን አየ። ምላጭ አንሥቶ ካርቶኑን ቀደደው።

ከውስጥ የወጣው ብርማ ነው። ልክ ያንኑ ይመስላል። ሲያበሩት ግን ስክሪኑ ደብዝዞ፣ መሐሉ ላይ ወፍራም ጥቁር መስመር ተጋድሞበት ታየ። የተበላሸ ነበር። ሠራተኛው «ስህተት ነው፣ ወላሂ ስህተት ነው!» እያለ በግራ በኩል ያለውን አወጣ። እሱን ሲያበሩት ስክሪኑ እንደ መስኮት ቦግ አለ። ሻጩ ጉትቻዋን በሁለት እጁ መለሰላት፤ ስላፈረም አንድ ማውስ መረቀላቸው።

እየሮጡ፣ እየተገፋፉ፣ እየሳቁ ሆቴላቸው ገቡ። ረምዚ መንገዱን ሁሉ ኢፍቱን ቀና ብሎ አላያትም።

በማግሥቱ የመመለሻቸው ቀን ነበር። ከውጭ ዕቃ ገዝቶ የተመለሰ ሰው ሁሉ የሚያውቀው አንድ ዘዴ አለ። አዲስ ዕቃ ከነካርቶኑ አይገባም፤ ጉምሩክ ካየው ለንግድ ነው ይላል ይባላል። ስለዚህ ሰው ያስረጀዋል። የሰርከሱ ከበሮ መቺ የገዛቸውን ሦስት ካልሲዎች ደራርቦ ለብሷል። አንዷ ዘፋኝ አዲሱን ካውያ በአሮጌ ፎጣ ጠቅልላዋለች። እነረምዚም ላፕቶፑን ሊያስረጁት ተነሡ።

በልምምድ ሹራብ እንጠቅልለው ያለው ቶፊቅ ነው፤ ክርኑ የተቀደደ፣ ላብ ላብ የሚሸት። እላዩ ላይ ነጠላ ጫማ ጨምረው በተጨማደደ ፌስታል ከተቱት። እንዳይረሳ በሩ ሥር ያስቀመጠችው ኢፍቱ ናት። ካርቶኑን ደግሞ ረምዚ ለመጣል ሳሳ። አልጋው ላይ አቁሞ ትንሽ አየው፤ «ስንመለስ እንጥለዋለን» አለ። ቁርስ ሊበሉ ወረዱ።

ሲመለሱ ክፍሉ ተጠርጓል። አልጋው ተነጥፏል። ካርቶኑ ትራሱ ላይ እንደ ሙሽራ ተቀምጧል፤ ጽዳት ሠራተኛው በጥንቃቄ አንሥቶ ነው ያስቀመጠው።

ፌስታሉ የለም።

ኢፍቱ ጮኸች። ረምዚ ሊጮህ አፉን ከፈተ፤ ድምፅ አልወጣውም። ቶፊቅ ወደ መስኮቱ ሮጠ። ከሆቴሉ ጀርባ የቆሻሻ መኪና ቆሟል፤ ሁለት ሰዎች ከረጢቶችን እየወረወሩ ይጭናሉ። በመካከላቸው ያ የተጨማደደ ፌስታል፣ ከነነጠላ ጫማው፣ በአየር ላይ ሄደ። መኪናውም ተነሣ።

ሊፍቱ ሩቅ ነው። ደረጃው ረጅም ነው። ቶፊቅ አንዱንም አልመረጠም። ከሰገነታቸው ወደ ታችኛው ሰገነት ወረደ፤ ከዚያ የቡና ቤቱ ሸራ ላይ ዘለለ፤ ሸራው ወደ ላይ ሲመልሰው አየር ላይ ተገልብጦ አስፋልቱን በእግሩ ያዘ። ቡና የሚጠጡት ሰዎች አጨበጨቡለት! እሱ ግን ሮጦ መኪናውን ጥጉ ላይ ደረሰበት። ከኋላው ተንጠለጠለ፣ ወጣ፣ ከረጢቶቹ ውስጥ ገባ። ሠራተኞቹ «ውረድ!» ሳይሉት አልቀሩም፤ ቋንቋውን አላወቀውም። ፌስታሉን አገኘ! ደረቱ ላይ አቀፈው። መኪናው ታጥፎ ሲፈጥን ዘለለ።

ተገልባጭ ሰው ሲወድቅ በእጁ ነው የሚቀበለው። ከሕፃንነቱ ጀምሮ የተማረው ይህንን ነው። ቶፊቅ ግን እጆቹ ላፕቶፑን ይዘዋል። ሊለቀው አልፈለገም። በትከሻው ወደቀ።

ላፕቶፑ ምንም አልሆነም። የቶፊቅ ክንድ ግን በጨርቅ ከአንገቱ ጋር ታሰረ፤ ሐኪሙም ለረጅም ጊዜ መገልበጥ የለም አለው። ወደ አየር ማረፊያ በሚሄደው አውቶቡስ ውስጥ ቶፊቅ ፊቱ ገርጥቶ ይስቃል። «አያችሁት ግን? ከሸራው ስነሣ አያችሁኝ?» እያለ ሁሉንም ይጠይቃል። ኮች ዘርይሁን አንዴ ይሰድበዋል፣ አንዴ ግንባሩን ይስመዋል።

አዲስ አበባ ደረሱ። ምዝገባው በማግሥቱ ይዘጋል፤ ወደ ድሬ የሚወስዳቸው መኪና ውጭ ሞተሩን አስነሥቶ ይጠብቃል። ሰልፉ ረጅም ነው። ፍተሻው ጋ ሲደርሱ ጠይም፣ መነጽር ያደረገች የጉምሩክ ሠራተኛ ፌስታላቸውን አስቆመች። ነጠላ ጫማውን በሁለት ጣቷ አንሥታ ወደ ጎን አደረገች። ሹራቡን ገለጠች።

«ላፕቶፕ በእንዲህ ዓይነት ጨርቅ ጠቅልሎ የሚመጣ ሰው ዛሬ ገና አየሁ» አለች። «የማን ነው?»

«የኔ!» አሉ ሦስቱም በአንድ ጊዜ።

ሰልፉ ሳቀ።

«ለሦስት? ልትሸጡት ነው እንዴ?»

«አንሸጠውም!» አለች ኢፍቱ። «የምንማርበት ነው።»

«የአንድ ሰው የግል ዕቃ ከሆነ ይለፍ። ሦስት ሰው የሚጣላበት ዕቃ ግን የግል ዕቃ አይባልም። ክፈቱት እስቲ።»

ከፈቱት። ስክሪኑ ቦግ አለ። አዲስ ነውና ሱቅ ውስጥ ብርሃኑን ከማየት በቀር ማንም አልነካውም ነበር። ሰላምታ አሳየ፤ ከዚያ ነጭ ክፍት ቦታ አመጣ። የባለቤቱን ስም ይጠይቃል። ቀጭን ጠቋሚ መስመር ባዶው ቦታ ላይ ብልጭ ድርግም ይላል።

ሠራተኛዋ ስክሪኑን ወደነሱ አዞረችው። «እሱም እኔ የጠየቅኩትን ነው የሚጠይቃችሁ። የባለቤቱን ስም ጻፉና እለፉ።»

ረምዚ ወንድሙንና እህቱን አያቸው። «እዚሁ እንጨርሰው» አለ በተሰበረ ድምፁ። «ስሙ የገባ ይወስደዋል። ኡሚ ያለችውን ታውቃላችሁ።»

«እሺ» አለች ኢፍቱ።

«እሺ» አለ ቶፊቅ። «ታዲያ ማን?»

«እኔ ሳጥን ላይ ባልወጣ» አለ ረምዚ፣ «አሁን የያዝነው ሽፋን ብቻ ነበር። ሁለታችሁም ልትወጡ ዞራችሁ ነበር።»

«እኔ ባላይ» አለች ኢፍቱ፣ «የያዝነው የሞተ ዕቃ ነበር። አንተ አመስግነህ ተቀብለኸው ነበር። ተርጉምልኝ ስልህ እንቢ አልከኝ።»

«እኔ ባልዘል» አለ ቶፊቅ፣ «የያዝነው ካርቶን ነበር። አቦ፣ ካርቶን ይዛችሁ ተመዝገቡ!»

የሰርከሱ ሰዎች የሆነውን ሁሉ ሰልፉ ላይ ሲያወሩት ቆይተው ነበርና፣ ከኋላቸው ሁለት ብርድ ልብስ የተሸከመች ሴት አልቻለችም። «ኧረ ለትንሹ ስጡት! ክንዱን አታዩትም እንዴ? ከእንግዲህ እስኪድን በምን ይሥራ?»

«ክንድ ይድናል፣ እመቤት» አሏት ቴሌቪዥን ያቀፉ ሽማግሌ። «መጀመሪያ ያልተገዛ ዕቃ ደግሞ አይጠፋም። ያለ ታላቁ ምኑን ያድኑት ነበር?»

«እሱማ ድምፁ ነገ ይመለሳል!» አለ አንድ ወጣት ከወደኋላ። «ልጅቷ ግን የእናቷን ወርቅ ነው ያስያዘችው፤ ያውም ወንድሟ ሳያምናት! ሌላው ከኪሱ ምን አስያዘ?»

«ወርቁማ ተመልሷል፣ ጆሮዋ ላይ ነው!»

«ባይመለስስ?»

«ሹራቡን ያመጣው ግን ራሱ ትንሹ አይደል? በሱ ጦስ ነው የተጣለው!»

«በሩ ሥር ያስቀመጠችውስ?»

«ካርቶኑን ለመጣል የሳሳውስ?»

ሰልፉ ሁሉ ተቀላቀለ። ሻንጣው ላይ የተቀመጠው ተነሣ፤ ሲያንቀላፋ የነበረው ነቃ። ኮች ዘርይሁን ከመውጫው በር «መኪናው ሊሄድ ነው!» እያለ በሁለት እጁ ይጠራቸዋል። የጉምሩክ ሠራተኛዋ መነጽሯን ወደ ላይ ገፋች። «እኔ ዳኛ አይደለሁም» አለች። ግን እሷም ፈገግ ብላ ነበር፤ ወደ አንዱ ልጅ ደጋግማ ታያለች። ወደ የትኛው እንደሆነ አልናገርም።

ሦስቱም እጃቸውን ዘረጉ፤ ሦስቱም ኪቦርዱ ሳይደርሱ ቆሙ። ማንም ሌላውን አልገፋም። ሦስት እጆች፣ አንዱ ያለ ቦታው ግራ እጅ ነው፤ ቀኙ ታስሯልና።

እኔ ሦስቱንም ስለማውቃቸው ልፈርድ አልቻልኩም፤ አንዱን ስመርጥ የሁለቱ ፊት ይመጣብኛል። እናንተ ግን አታውቋቸውም፤ ስለዚህ አታዳሉም። አንዱ ባይናገር ባልተገዛ፤ አንዷ ባታይ ባልሠራ፤ አንዱ ባይዘል በጠፋ። መኪናው ጥሩምባ እየነፋ ነው። መስመሩ ብልጭ ድርግም እያለ ይጠብቃል።

የማን ስም ይጻፍ?